ማጣሪያው በአደባባይ ያድራል

አስካለ ማጣሪያ ስትመርጥ የምትጀምረው ከማጣሪያው ሳይሆን ከውሃው ነው። መሐል ሜዳ በሚገኘው የሙሉሸዋ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተንበርክካ፣ ሰው እንዳይሰፍርበት ከተከለለው የምንጭ ክልል አጥር ሥር በፌስታል ያመጣችውን ጥቁር አፈር በባልዲ ውሃ በጠበጠች፤ ቆራርጣ የያዘችውን የጓሳ ሣር ጨመረችበት፤ ከዚያ እጇን ጠራርጋ ተቀመጠች። የሚዘቅጠው እስኪዘቅጥ መጠበቅ አለባት። የሚዘቅጠውን ማንኛውም ማጣሪያ ይይዘዋል። እሷን የሚያሳስባት ሳይዘቅጥ የሚቀረው ነው።

ሙሉሸዋ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆና ስትመለከታት ቆየች። ለቀማሾች ዕቃ በመሸጥ ያረጀች፣ ደንበኞቿን በስማቸው ሳይሆን በሚመርጡት ማጣሪያ የምታስታውስ ሴት ናት።

«አንቺ፣ ባል ስትመርጪም እንዲህ ነሽ?» አለቻት።

«ባል እንደ ማጣሪያ ውሃ ወደ ኋላ ተገፍቶበት አይታጠብም፣ እትዬ።»

«እሱስ እውነትሽን ነው። የኔን ዕድሜዬን ሙሉ ገፍቼ ገፍቼ የወጣልኝ ጭቃ ብቻ ነው።»

ባልዲው ሲረጋ አስካለ ሦስት ማጣሪያዎችን በተራ ሞከረች። ሸክላው ከባድ ነው፤ በእጅ እየተገፋ ውሃው እንደ ንፉግ ሰው ምጽዋት ጠብ ጠብ ይላል። ሆኖም ሲቆሽሽ በብሩሽ ይታጠባል፤ ሲሰነጠቅም ስንጥቁ በዓይን ይታያል። ጀርም የሚገድለው ጠብታ ከሁሉም ይቀላል፤ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ናት። ነገር ግን ጭቃውን አይነካውም፣ ደንበኛዋ ከሚወስዱት መድኃኒት ጋርም አይስማማም። ሦስተኛው ባለ ክር የሚባለው ነው፦ ከመዳፍ የማይበልጥ፣ አንገቱ ላይ ደህና ሲሆን አረንጓዴ የምትበራ ትንሽ መብራት ያለችበት ቱቦ፣ በውስጡ ከፀጉር ብዙም የማይወፍሩ፣ መሐላቸው ክፍት የሆነ ነጫጭ ክሮች የታጨቁበት። ከረጢቱን ጥሬ ውሃ ሞልቶ፣ ቱቦውን አፉ ላይ ገጥሞ መጭመቅ ብቻ ነው።

አስካለ ጨመቀች። የወጣውን በብርጭቆ ተቀብላ ወደ ፀሐይ አነሳችው። አዞረችው። ብርጭቆውን አስቀምጣ ቱቦውን ራሱን አነሳችና የመውጫውን አፍ በተጣራው ውሃ ውስጥ ነክራ ከወዲያ ጫፍ ነፋችበት። ጉንጯ ተወጥሮ ቆየ፤ አንድም አረፋ አልወጣም። እርጥብ ክር አየር አያሳልፍም። አየር ካሳለፈ አንዱ ቦታ ተበጥሷል ማለት ነው፤ አየር ባለፈበት ደግሞ ሌላውም ያልፋል።

«ሸክላውን ውሰጂ» አለች ሙሉሸዋ። «ሸክላ አይዋሽም፤ ሲሰበር ያስታውቃል። ክር ግን ሞቶም ይስቅልሻል።»

«ሸክላው የሰውዬውን የመድኃኒት ሣጥን ያህል ይመዝናል።»

«ይመዝንና?»

«ሁለቱን ባንድ ጀርባ አዝዬ የክልሉ በር ሚዛን አያሳልፈኝም። ሣጥኑን ደግሞ እሳቸው ሊሸከሙት አይችሉም፤ የልጃቸውም ሸክም ሞልቷል።»

ሙሉሸዋ ተከራክራ እንደማታሸንፍ ታውቃለችና ባለ ክሩን በጨርቅ ጠቀለለችላት። አስካለ ከዕቃው ጋር የመጣውን ማብራሪያ አንድ መስመር ሳትዘል እዚያው ቆማ አነበበች። ከእሳት ይራቅ። በሳሙና አይታጠብ። ከውርጭ ይጠበቅ።

«ውርጭ ይላል» አለች።

«ማቀዝቀዣ ውስጥ አታስገቢው ማለታቸው ነው። ሌላ ውርጭ የት ይገኛል?»

እውነቷን ነው። መንዝ አንድ ጊዜ በብርዱ የሚታወቅ አገር ነበር። አሁን የበግ ፀጉር ባና የሚሸመነው ለሙዚየምና ለሙሽሮች ስጦታ ነው፤ አስካለ ራሷ በሕይወቷ ሣር ላይ ያደረ በረዶ አይታ አታውቅም።

ውሃ ከታሸገ ሁለት ትውልድ አልፏል። መጀመሪያ የታሸገው ለስብሰባና ለሠርግ ነበር። ቀጥሎ ለእንግዳ፣ ቀጥሎ ለሕፃናት፣ ቀጥሎ ለሁሉም ሆነ፤ በመጨረሻ ጠበል እንኳ ታሽጎ የሚቀርብበት ዘመን መጣ። በየቤቱ ቧንቧ አለ፤ የሚፈስሰው ግን ለእጅና ለዕቃ ነው። ሕፃናት ገላቸውን ሲታጠቡ አፋቸውን ገጥመው በአፍንጫቸው ማንጎራጎር ይማራሉ፤ ዜማው ሲቋረጥ እናት በሩን ትከፍታለች። እንግዳ ሲመጣ እሽጉ በዓይኑ ፊት ይቀደድለታል። ቀድሞ የተቀደደ እሽግ ያቀረበ ሰው ከእንግዳው ጋር ያለው ዝምድና አበቃ።

ከከተማ ርቆ፣ እሽግ በበቂ ሁኔታ ተሸክሞ መሄድ በማይቻልበት ቦታ የሚንቀሳቀስ ሰው ግን ጥሬ ውሃ አጣርቶ ከመጠጣት ሌላ ምርጫ የለውም። ለዚህ ነው ሕጉ ቀማሽ ያስፈለገው። ነገሩ ከጥንት የመጣ ነው፤ ጠላ ቀጂ ከማቅረቧ በፊት በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምስ አልነበር? ሕጉ ያንኑ ልማድ ወስዶ ሙያ አደረገው። ቀማሽ ያጣራችውን ውሃ መጀመሪያ በመዳፏ ትጠጣለች፤ ከዚያ ደንበኞቿ ፊት ለፊት ተቀምጣ አንድ ሰዓት ትቆያለች። በዚያች ሰዓት መተኛት አይፈቀድላትም። ዝም ማለትም አይፈቀድላትም፤ መናገሯ የደህንነቷ ምልክት ነውና። ስለዚህ ጥሩ ቀማሾች ሁሉ ጥሩ ተራኪዎች ናቸው። ሰዓቷ ስትሞላ ሌሎቹ ይጠጣሉ።

ሌላም ደንብ አለ። ማጣሪያው በአደባባይ ያድራል። ሁሉም ሊያየው በሚችል ምሰሶ ላይ ይሰቀላል እንጂ ቀማሿ ይዛው አትተኛም። ይህ የተደነገገው አንዳንድ ቀማሾች ማታ ማታ ደህናውን ማጣሪያ በአሮጌ እየለወጡ ሰው ከጨረሱ በኋላ ነው። ማንም ደንቡን አይጠላውም። አስካለም አትጠላውም፤ ንጹሕ ሰው የሚደበቅበት ምክንያት የለውም ብላ ታምናለች።

*

ጋሽ ልሳነወርቅ ዕድሜያቸውን በአዲስ አበባ የሕንፃ ክሬን ላይ ያሳለፉ፣ ረጅምና ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ኩላሊታቸው የራሳቸው አይደለም፤ ሌላ ሰው የሰጣቸው ነው። ሰውነታቸው እንግዳውን ኩላሊት እንዳይጣላው የሚወስዱት መድኃኒት የሰውነታቸውን ዘበኛ ሁሉ አስተኝቶታል። ለሌላ ሰው የሁለት ቀን ቁርጠት የሚሆን ውሃ ለእሳቸው ሞት ነው። ሐኪማቸው ይህንን ሳይሸፋፍን ነግሯቸዋል፤ እሳቸውም ለአስካለ ሳይሸፋፍኑ ነገሯት።

«ታዲያ ለምን ይሄዳሉ፣ ጋሼ?» አለቻቸው።

«ሰንበቴ ምንጭን ልጠጣ» አሉ። «ያደግሁበት ውሃ ነው። መንደሩ ተነሥቶ ቦታው ምንጭ ክልል ሲሆን እኔ ወጣት ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ስጠጣ የኖርኩት ውሃ ሁሉ ያው ነው፤ ምንም አይልም። ያንን አንዴ ልጠጣና ከዚያ የመጣው ይምጣ።»

«የመጣው አይመጣም» አለች ልጃቸው ፌቨን። «ለዚህ ነው ቀማሽ የያዝነው።»

ፌቨን የሕንፃ መሐንዲስ ናት፤ አባቷ ብረት ያነሡባቸውን ፎቆች ዓይነት ዛሬ እሷ ትነድፋለች። ከአስካለ ጋር እኩያ ቢሆኑም ፌቨን የምትናገረው ነገር ሁሉ የመጨረሻ ይመስላል። አስካለን መጀመሪያ ቀን ስታገኛት ሰላምታ ሳትጨርስ ማጣሪያውን ተቀብላ በመብራት አየችው። አስካለ ይህንን ወደደችላት።

በምንጭ ክልሉ በር ላይ ሦስቱም ከነሸክማቸው ተመዘኑ። ከአጥሩ ወዲያ የእንስሳ ኮቴ አይገባም፤ እሳት አይነድም፤ ሰው እንኳ መሬቱን እንዳይጫነው የሚያዝለው ዕቃ የተለካ ነው። የአስካለ ሸክም ለጥቂት አለፈ። ሸክላውን ይዛ ቢሆን ኖሮ የመድኃኒቱ ሣጥን ከበሩ ይቀር ነበር። እሽግ ውሃ የያዙት ለመድኃኒት መዋጫና ለክፉ ቀን ብቻ ነው።

ጓሳው እስከ አድማስ ተንጣልሏል። ጭላዳዎች በገደሉ ጫፍ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም ተክሎች እንደ ዘብ ተራርቀው ቆመዋል። ጋሽ ልሳነወርቅ በቀስታ ይራመዳሉ፤ ግን አይቆሙም። ከሰዓት በኋላ ከአንዲት ጅረት ዳር ደረሱና አስካለ ሥራዋን ጀመረች።

ግራ እጇ ጥሬውን ውሃ ብቻ ይነካል። ቀኝ እጇ የሚጠጣውን ብቻ። በሁለቱ መሐል ምንም ነገር አይሻገርም፤ ክዳኑን እንኳ መሬት አታስቀምጠውም፣ በቀኝ እጇ ትንሽ ጣት ጨብጣው ትቆያለች። ከረጢቱን በግራዋ ከጅረቱ ሞላች፤ ቱቦውን ገጠመች፤ መጀመሪያ የወጣውን ወደ ሣሩ ደፋች፤ የተከተለውን በመዳፏ ተቀብላ ጠጣች። ጋሽ ልሳነወርቅ ባና ለብሰው ተቀምጠው እያንዳንዷን እንቅስቃሴ በዓይናቸው ይከተላሉ።

«ክሬን ላይ ብትቀመጪ ኖሮ» አሉ በመጨረሻ፣ «እንቁላል ከሰባተኛ ፎቅ ታወርጂ ነበር።»

«ከፍታ እፈራለሁ፣ ጋሼ።»

«እኔም እፈራ ነበር። የማይፈራ ሰው ክሬን ላይ አይወጣም፤ ይጥላል። በይ አሁን ተናገሪ፤ ካልሞትሽ ቶሎ በይ፣ ጠምቶኛል።»

«ቀማሽ ቶሎ አይሞትም። ደንብ አለው።»

ሰዓቷን ስለ ሙሉሸዋ ባል እየተረከች ሞላችው። ፌቨን እንኳ ሁለት ጊዜ ሳቀች። ሲጠጡ ጋሽ ልሳነወርቅ ብርጭቋቸውን ከመጨረሳቸው በፊት አንዴ ቆም ብለው አጣጣሙ፤ ከዚያ አንገታቸውን ነቀነቁ። ገና አይደለም ማለታቸው ነበር።

አስካለ አንድ ነገር ታውቃለች፤ ደንበኞቿ ግን ጠይቀዋት አያውቁም፣ ነግራቸውም አታውቅም። ሰዓቷ የምታረጋግጠው እምብዛም ነው። መርዝን ታረጋግጣለች። ከጥሬ ውሃ የሚመጣ በሽታ ግን አብዛኛው ሆድ ውስጥ ቀናት ይቀመጣል፤ ቀማሿ እየሳቀች የምትተርከው እሱን በሆዷ ይዛ ሊሆን ይችላል። ደንበኞቿን በእውነት የሚጠብቃቸው የቱቦው ክር ነው፤ ክሩን የሚጠብቀው ደግሞ የእሷ እጅ። ስለዚህ ነው ጠዋት ጠዋት ማንም ሳይጠይቃት የምትነፋበት።

*

ከመምሸቱ በፊት የድንጋይ መጠለያው ደረሱ። ሰንበቴ ምንጭ ከዚያ ቅርብ ነው፤ በጠዋት ሊደርሱበት ወሰኑ። ነፋሱ ቆመ። ሰማዩ አንድ ደመና ሳይኖርበት ጥርት አለ፤ ብርዱ ከላይ ሳይሆን ከመሬት የሚነሣ ይመስል ከእግር ጀመረ።

«ይህ ሰማይ ደስ አይልም» አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ። «እናቴ እንዲህ ሲጠራ ‹ባቄላው ዛሬ ተበላ› ትል ነበር።»

«ማን ይበላዋል?» አለች ፌቨን።

«ብርዱ ነዋ።»

አስካለ ቱቦውን ለመስቀል ይዛ ቆማ ነበር። የማብራሪያው መስመር ትዝ አላት። እጇን አወጣች፣ ትንፋሿን አየችው። ከዚያ ወደ ፌቨን ዞረች።

«ዛሬ ማጣሪያውን በጉያዬ ይዤው ልደር» አለቻት። «ውርጭ ከመጣ ክሩ ይበጠሳል። ሁለታችሁ ከፈቀዳችሁልኝ ከደንቡ መውጣት አይደለም።»

ፌቨን ስትመልስ ድምፅዋ ለስላሳ ነበር።

«አጎቴን የገደለው በጉያ ያደረ ማጣሪያ ነው፣ አስካለ። ቀማሹ ጨዋ ሰው ነበር አሉ። ‹እንዳይሰበርብኝ ነው የያዝኩት› ነበር ያለው። አንቺን አልጠረጥርሽም። ግን ይህንን ላንቺ ከፈቀድኩ ደንቡ ምን ሊጠብቀን ነው? የሚታመን ሰው እስኪመጣ ብቻ ነው ማለት ነው።»

አስካለ ወደ ጋሽ ልሳነወርቅ አየች። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ፤ የሞተው ወንድማቸው ነበር።

«ልጅቷ ያለችው ይሁን» አሉ።

ክርክሩ የተሳሳተ አልነበረም። አስካለ ራሷ በፌቨን ቦታ ብትሆን ያንኑ ትል ነበር፤ ይህም ለመሸነፏ አንዱ ምክንያት ሆነ። ሌላው የራሷ ሒሳብ ነው። የሚቀዘቅዘው ውሃ ነው፤ ውሃው ከወጣ ክሩን ምን ይጎዳዋል? ቱቦውን በገመድ አስራ በአየር ላይ አሽከረከረችው፤ ጠብታ መርጨት እስኪያቆም አሽከረከረችው። ከዚያ በሁሉም ፊት ምሰሶው ላይ ሰቀለችው። ያላሰበችው፣ ክሩ ዙሪያውን በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተወጋ መሆኑንና እነዚያ ቀዳዳዎች ውሃቸውን ጡት እንደያዘ ሕፃን ነክሰው የሚይዙ መሆኑን ነው።

*

ጎህ ሲቀድ መጀመሪያ የወጣችው ፌቨን ናት። ሜዳው ሁሉ ነጭ ሆኗል።

«ጨው በትነውበታል እንዴ?» አለች። ጎንበስ ብላ አንዲት ሣር ቀነጠሰች፤ በጣቷ ላይ ነጩ ጠፍቶ እርጥበት ሆነ። እንደገና ሌላ ቀነጠሰች።

ጋሽ ልሳነወርቅ ባናቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ቆሙ።

«አመዳይ» አሉ። ቃሉን ሲፈልጉት ቆይተው ያገኙት ይመስላል። «አመዳይ ነው ይህ። ሞቷል ስንል በሕይወት አለ ለካ።»

የሸምበቆ በትራቸውን ዘርግተው ሜዳው ላይ አንድ ረጅም መስመር አሰመሩበት፤ መስመሩ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። እንደ ሕፃን ሌላ መስመር ደገሙ። ፌቨንም ስትስቅ ተሰማ።

አስካለ ሳቃቸውን እየሰማች ምሰሶው ጋ ደረሰች። የማጣሪያው መብራት አረንጓዴ ነው። ቱቦውን ፈታች፤ ከመጠለያው ጀርባ ወደሚወርደው ትንሽ ጅረት ወሰደችው፤ ውስጡን እንደገና በደንብ አረጠበችው፤ የመውጫውን አፍ በብርጭቆ በያዘችው የትናንት ንጹሕ ውሃ ነክራ ነፋች።

አረፋ ወጣ። እንደ ዶቃ ሰንሰለት፣ እርስ በርሱ እየተከታተለ።

አቆመች። ገጣጠመችው፣ መጋጠሚያውን አጥብቃ ነፋች። አረፋ። የቱቦውን አቅጣጫ ቀይራ ነፋች። አረፋ። ለመፈተሽ ብላ ከረጢቱን ሞልታ ስትጨምቅ ውሃው ከትናንቱ ይልቅ በቅልጥፍና ፈሰሰ፤ ጥርት ያለ ነው፤ መብራቱም የበለጠ ደመቀ። መብራቱ የሚለካው ፍሰትን ነው፤ የተበጠሰ ክር ከደህናው ይልቅ ያፈሳል።

ማንም አላያትም። ይህንን በሚገባ አሰበችው፤ ሌላውን ሁሉ በምታስብበት ሥርዓት አሰበችው። ዝም ብትል መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትጠጣለች፤ ፊታቸው ተቀምጣ ትተርካለች፤ ሽማግሌው ምንጫቸውን ይጠጣሉ፤ ደስ ይላቸዋል። ጅረቱ ላይ ጭላዳ ይጠጣል፣ ቀበሮ ይጠጣል፤ ምናልባት ምንም አይሆኑም። ከሆኑም የሚሆኑት አዲስ አበባ ደርሰው፣ ቀን ቆጥሮ ነው፤ በማን ምክንያት እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም። ከተናገረች ደግሞ ማጣሪያ በሜዳ የሞተባት ቀማሽ ትባላለች፤ የቀማሽነት ባጇን ትገፈፋለች፤ እንደገና እስክትፈተን መቀመጥ አለ፣ ተፈትነው የተመለሱትም ጥቂት ናቸው። ሽማግሌውም ከምንጫቸው አፍ ላይ ይመለሳሉ።

ምናልባት ምንም አይሆኑም። «ምናልባት» የምትለዋን ቃል ይዛ ትንሽ ቆየች። በሥራዋ ይህችን ቃል ተጠቅማ አታውቅም። ተነሥታ ቱቦውንና አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዛ ወደ ሁለቱ ሄደች፤ ሳትናገር ፊታቸው ነፋችበት።

አረፋውን ሦስቱም አዩት።

«መብራቱ አረንጓዴ ነው» አለች ፌቨን።

«የሚያየው ፍሰቱን ብቻ ነው። ክሩ ተበጥሷል። ይህ ውሃ ለእኔ ውሃ ነው፤ ለጋሼ አይደለም።»

ፌቨን ቱቦውን ተቀብላ ራሷ ነፋች። ለመጠራጠር አልነበረም፤ መሐንዲስ ናትና በእጇ ሳታደርገው ነገር አይገባትም። አረፋው ሲወጣ ቱቦውን በጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«እኔ ነኝ የከለከልኩሽ።»

«የሰቀለው የእኔ እጅ ነው። አራግፌው ደህና ነው ብዬ ተኛሁ።»

«ለቀማሾች ባለሥልጣኖች የሆነውን እንደሆነው እነግራቸዋለሁ።»

«ንገሪያቸው። ደንቡ ግን የሚያየው ማጣሪያውን ነው።»

ጋሽ ልሳነወርቅ ባናቸውን ከትከሻቸው አውርደው አጠፉት፤ ጠርዙን ከጠርዝ ጋር አስተካክለው፣ ሁለቴ አጠፉት። ሲጨርሱ አስካለን አዩዋት።

«ብትደብቂኝ ኖሮ አላውቅም ነበር» አሉ።

«አያውቁም ነበር።»

«እግዜር ይስጥልኝ።» ቀጥለው፣ «እሽጉ ለመውረጃ ይበቃል?»

«ለመድኃኒቱና ለመውረጃው ይበቃል። ዛሬውኑ ከወረድን ነው።»

«ምንጩን አይቼ መውረድስ?»

«ይበቃል፣ ጋሼ።»

*

ሰንበቴ ምንጭ ከአንድ ጥቁር አለት ሥር ይወጣል፤ ወፍራም አይደለም፣ የሰው ክንድ ያህል ነው። ከፊቱ በሰው እጅ የተጠረበ የድንጋይ ገንዳ አለ። መንደሩ ከተነሣ ወዲህ ያጸዳው የለም፤ ግን ውሃው ራሱን በራሱ እያጠበ ኖሯል። ጋሽ ልሳነወርቅ ከገንዳው አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የተቀመጡበት ሁኔታ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እንደተቀመጡበት ያሳያል፤ ድንጋዩን ሳያዩ ነው የተቀመጡት። እጃቸውን ወደ ውሃው ዘረጉ፤ ከመንካታቸው በፊት ራሳቸው መልሰው ሰበሰቡት። ፌቨን አጠገባቸው ቆማ ፊቷን ወደ ገደሉ አዞረች።

አስካለ ከሩቅ ቆማ ነበር። ቀረብ አለችና ባጇን ከደረቷ ፈትታ ኪሷ ከተተችው። ባጅ ያደረገ ሰው በደንበኛ ፊት ጥሬ ውሃ አይጠጣም።

«ጋሼ» አለች፣ «ልቅመስልዎት?»

ሽማግሌው አልገባቸውም።

«እኔ ጠጥቼ የሚለውን ልንገርዎት።»

«ብትታመሚስ?»

«እታመም ይሆናል። ጎልማሳ ሆድ ነው፣ ያልፍለታል።»

ጋሽ ልሳነወርቅ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ፌቨን ለአስካለ ቦታ ለቀቀችላት፤ ቀሚሷ እንዳይረጥብ ከኋላ ሰበሰበችላት። አስካለ ከገንዳው ዳር ተንበረከከች። ሁለት እጆቿን አንድ ላይ አድርጋ ከአለቱ አፍ ላይ ተቀበለች፤ ግራና ቀኟ በሥራ ላይ ሲገናኙ ይህ የመጀመሪያው ነው። ጠጣች።

«ይቀዘቅዛል» አለች።

«እሱን ባይኔም አየዋለሁ። ሌላስ?»

«ጥርስ ላይ ይወጋል። ግን የሚወጋው ፊት ለፊት ነው፤ ወደ ኋላ ሲሄድ ይለሰልሳል። ብረት የለውም። ጭቃ የለውም። የሣር ሽታም…»

«የሌለውን ነው የምትነግሪኝ» አሉ ሽማግሌው በቀስታ። «ያለውን ንገሪኝ።»

የአስካለ ምላስ የሰለጠነው ጉድለት ለመያዝ ነው፦ ዝገት፣ ብስባሽ፣ መርዝ። እነዚህ ከሌሉ ውሃ ደህና ይባላል፤ ከደህና ወዲያ ያለውን ማንም ጠይቋት አያውቅም። ደግማ ጨለፈች። በዚህኛው ዓይኗን ጨፈነች፤ ውሃውን አፏ ውስጥ አቆየችው።

«ገብስ» አለች ከቆየች በኋላ። «ቆሎ አኝኮ ከጨረሱ በኋላ አፍ ውስጥ የሚቀረው ነገር። እሱን ይመስላል። ከሥሩ ደግሞ ድንጋይ አለ፤ ፀሐይ መትቶት ዝናብ ሲያገኘው የሚሸት ድንጋይ።»

ሽማግሌው ሸምበቆአቸውን በሁለት እጅ ጨብጠው ወደፊት አዘነበሉ።

«ከዋጥሽው በኋላስ? ቆይቶ የሚመጣ ነገር ነበረው። እኔ ስሙን አጥቼዋለሁ።»

አስካለ በፍጥነት መመለስ ትችል ነበር፤ የሚያስደስታቸውን አንድ ቃል መፈለግ አይከብድም። ግን አላወቀችውም።

«አልያዝኩትም» አለች። «ልድገመው።»

ሦስተኛ ጨለፈች። ዋጠችው፤ ቆየች። የአለቱ ውሃ ብቻ ይሰማል። አስካለ ጭንቅላቷን ትንሽ ዘንበል አድርጋ፣ ከሩቅ የሚጠራትን ሰው ድምፅ ለመለየት እንደምትሞክር ሆና፣ የሚመጣውን ጠበቀች። ጋሽ ልሳነወርቅ ፊቷን እያዩ ከንፈራቸው ተከፈተ፤ የደረቀው ጉሮሯቸው ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ታች ወረደ፤ ዋጡ።